«ዘመድ ጋ ናት»፦ ደሴ ውስጥ ቤት ያልነበራት የአንዲት እናት ጉዳይ

መጀመሪያ ያየኋት ለቅሶ ቤት ነው።

የካቲት 2014 ሰፈራችን ውስጥ አንድ አባት አረፉ። እኔ የቅሬያችን ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን አደረ፣ ይሄን መያዝ የእኔ ሥራ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት የምትከትፍ ቀጠን ያለች ሴት አየሁ። እጇ ፈጣን ነው። አንዲት ኮረዳና አንድ ትንሽ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብለዋል። የሟች ዘመድ መሰለችኝ። የሟች ቤተሰብ ደግሞ የቅሬ ሰው መስላቸዋለች። ሦስት ሌሊት አደረች። ድንኳኑ ሲነሳ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

ሚያዝያ ላይ ሌላ ለቅሶ ቤት አገኘኋት። ግንቦት ላይ እንደገና። ሦስተኛው ላይ፣ ማታ ሰው ቀለል ሲል፣ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ከሟች ጋር በምን ትዛመዳላችሁ?» አልኳት። ትንሹ ልጅ እግሯ ላይ ተኝቷል። ነጠላዋን አለበሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ «አላውቃቸውም እትዬ» አለችኝ። «ለቅሶ ቤት ግን ለምን አደርሽ የሚል ሰው የለም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ። በዚህ ከተማ ውስጥ ድኻ የት እንደሚያድር አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። አላውቅም ኖሯል።

ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟንና ሰፈሯን ትቻለሁ። እኔ እታለም እላታለሁ። ስሟ አይደለም፣ እህት ዓለም ማለቴ ነው።

«ቤት አልባ» ስንል ማንን ነው የምናየው?

ቤት የሌለው ሰው ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፒያሳ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወንድ ነው። ሴቶቹስ የት ሄዱ? ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ግን ሴቶቹን ከበረንዳው የሚያርቃቸው ብርዱ ብቻ አይደለም። ልጅ የያዘች ሴት ጎዳና ላይ ማደር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ጎዳና ላለመውጣት ሁሉን ታደርጋለች። ዘመድ ቤት ትጠጋለች። ሰው ቤት ተቀጥራ ታድራለች። የማትፈልገው ወንድ ጋር ትኖራለች። ሌሊት ጎዳና ላይ ወጥቶ የሚቆጥር ሰው እሷን አያገኛትም።

በአውሮፓ ቤት አልባነት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ኅብረት፣ ፌአንትሳ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2005 ኢቶስ የተባለ መመደቢያ አውጥቶ ነበር። ሰውን በአራት ይከፍላል። ጣሪያ የሌለው አለ። ማረፊያ ቢኖረውም ቤት የሌለው አለ። የሚኖርበት ቤት ዋስትና የሌለው አለ። ለሰው መኖሪያ የማይሆን ቤት ውስጥ ያለ አለ። ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋ ተጠግቶ የሚያድር ሰው ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። አጥኚዎች ይሄንን ድብቅ ቤት አልባነት ይሉታል።

እኛ ግን ለዚህ ነገር ቃል አጥተን አናውቅም። «ተጠግታ ነው ያለችው» እንላለን። «ሰው ቤት ናት» እንላለን። ከሁሉም በላይ «ዘመድ ጋ ናት» እንላለን። እንዲህ ካልን በኋላ ጥያቄው ያበቃል። ወሎ ሰው ወዳድ አገር ነው። የመጣን እንግዳ ማን ነህ ሳይል ያሳድራል። ይሄ እውነት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ይሄው ደግነታችን የእታለምን ችግር ከዓይናችን ሰወረው። ጣሪያ ሥር ስላየናት ቤት ያላት መሰለን።

ከሪያድ እስከ ለቅሶ ቤት

እታለም የተወለደችው ተሁለደሬ ነው፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። አግብታ ደሴ መጣች። ባሏ የመኪና ረዳት ነበር። ሴት ልጃቸው በ2000 ተወለደች። በዓመቱ እታለም በኮንትራት ሳውዲ ሄደች፣ ሪያድ። ዕድሜዋ 19 ነበር። በወር 700 ሪያል ይከፈላታል። ለራሷ ሳሙናና ለስልክ ካርድ የሚሆን ታስቀርና ሌላውን ትልካለች።

በላከችው ብር ከተማው ዳር ላይ ቦታ ተገዛ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተሠራ። ቆርቆሮው ሲመታ ባሏ ስልክ ደውሎ ድምፁን አሰማት። ይሄንን ስትነግረኝ ፊቷ በራ፤ ዛሬም ድረስ ያ የመዶሻ ድምፅ ደስ ይላታል። ካርታው በባሏ ስም ወጣ። እሷ የለችም፣ ማን ይፈርም?

በ2006 ሳውዲ ሰነድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ተመለሱ። ከወሎ ተመላሽ ያልነበረበት ወረዳ ያለ አይመስለኝም። እታለምም ከመጀመሪያ አሠሪዋ ጠፍታ ሌላ ቦታ ትሠራ ስለነበር ሰነድ አልነበራትም። አንድ ፌስታል ይዛ ቦሌ ወረደች። ደሴ ገብታ በራሷ ብር የተሠራውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። አምስት ዓመት ኖረችበት። ወንድ ልጇን እዚያው ወለደች።

በ2011 ባልየው ሌላ ሴት አመጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርታው በማን ስም ነው? በእሱ። እንግዲያው ልብሷንና 8,000 ብር ይዛ ትውጣ ተባለ። «እኔም አመንኩ» ትላለች። «ስሜ ከሌለበት የኔ አይደለም ብዬ አመንኩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቦታ አድራለች። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን በጣቷ ቆጠረችልኝ።

መጀመሪያ ወንድሟ ጋ ሐይቅ ሄደች፣ አራት ወር። ወንድሟ ምንም አላላትም። የወንድሟ ሚስት ግን እህሉን በዓይኗ መስፈር ጀመረች። ከዚያ ደሴ ሸዋ በር የአክስቷ ልጅ ጋ ገባች። አምስት ሰው በአንድ ክፍል ተኩል ነው። እታለምና ልጆቿ የሚተኙት ሳሎን ላይ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ትንሹ ልጅ ተቀምጦ መተኛት የለመደው እዚያ ነው። ቀጥሎ ምግብ ቤት ተቀጥራ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አደረች፣ ልጆቿን እዚያው ሸዋ በር ትታ። ባለቤቱ ማታ ማታ በሩን ማንኳኳት ጀመረ። ወጣች።

አራተኛው ሰው ነው። አንድ የመጋዘን ዘበኛ። ክፍል ነበረው። ሰባት ወር አብራው ኖረች። ስለዚህ ሰው ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ሳይኖር። «ባል ፈልጌ አይደለም እትዬ። ልጆቼ የሚተኙበት አጥቼ ነው። አላህ ይወቅልኝ።» ሰውየው ሲጠጣ ትልቋን ልጅ ማየት ጀመረ። በዚያው ሌሊት ልጆቿን ይዛ ወጣች። ይሄንን ጉዳይ የምታነቡ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ «ለምን ገባች?» አትበሉ። በሁለት መጥፎ ነገር መካከል ሆና ለልጆቿ ጣሪያውን መረጠች። ጣሪያው ሲከዳት ደግሞ አንድ ሌሊት አልቆየችም።

ቀጥሎ አንዲት እንጀራ ሻጭ ጋ እየጋገረች አደረች፤ ደመወዙ ማደሪያው ነበር። ስድስተኛው ቧንቧ ውሃ ላይ ከሦስት የዓረብ አገር ተመላሾች ጋር የተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ሁለት ፍራሽ፣ አራት ሴት፣ ሦስት ልጅ። በጣም የሳቀችው እዚያ እንደሆነ ትናገራለች። በ2013 ክረምት አከራያቸው ኪራይ ጨመረባቸውና ተበተኑ። ወደ ሸዋ በር ተመለሰች።

ያ ክረምት የጦርነቱ ነው። ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞላው። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ስንዴና ብርድ ልብስ ይታደል ነበር። እታለምም አንድ ቀን ሄዳ ተሰለፈች። ከየት ነሽ? ከደሴ። የት ነው ያለሽ? ዘመድ ጋ። እንግዲያው አንቺ ተፈናቃይ አይደለሽም ተባለች። የመዘገበው ልጅ አልተሳሳተም፤ የያዘው ዝርዝር ለተፈናቃይ ነው። እሷ ከቤቷ ከወጣች ግን ሁለት ዓመት አልፏት ነበር።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ገደማ ከተማው ሲያዝ የአክስቷ ልጅ ቤተሰቡን ይዞ በኮምቦልቻ አድርጎ ሸሸ። ቁልፉን ለእታለም ሰጣት። ቤት ጠብቂ አላት። ከተማው ኅዳር 27 እስኪለቀቅ ከአምስት ሳምንት በላይ ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያ ቤት ተዘግታ ቆየች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ገበያ የለም። ለቤተሰቡ የተቀመጠች ግማሽ ጆንያ ጤፍና ሽሮ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ የነገረችኝን መቼም አልረሳውም። «ከወጣሁ ጀምሮ ቁልፍ በእጄ የነበረው ያኔ ብቻ ነው። ውጭ ተኩስ ነው። እኔ ግን ማታ በሩን ከውስጥ ስቆልፍ ሰላም ይሰማኝ ነበር።»

ታኅሣሥ ላይ ባለቤቶቹ ሲመለሱ ቴሌቪዥኑና ሁለት ጋቢ የሉም። ታጣቂዎች ገብተው ወስደውታል። ጥርጣሬ ግን ወደ እሷ ዞረ። ማንም በግልጽ ሌባ አላላትም። ሰላምታው ቀዘቀዘ። ወጣች።

በጥር አንዲት የማታውቃትን በሽተኛ ሆስፒታል ውስጥ 11 ቀን አስታመመች። የበሽተኛዋ ቤተሰብ ገጠር ስለሆነ አስታማሚ ይፈልግ ነበር። ለእሷ ደግሞ ወለል ላይ መተኛት የሚፈቀድበት ቦታ ሆነላት። ልጆቿን ያኔ ያስጠጋችላት አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ ጓደኛዋ ናት። በሽተኛዋ ስትወጣ እታለምም እዚያው ቡና ቤት ወለል ላይ መተኛት ጀመረች፣ ደንበኛ ከወጣ በኋላ። ጓደኛዋን ለማሳረፍ ስትል ደግሞ ለቅሶ ሲሰማ ለቅሶ ቤት ትሄዳለች። ዘጠነኛው ይሄ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ትልቋ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጣለች። ከሰፈር ሰፈር እየዞረች በየት በኩል ትማር?

ለምን ማንም ዝርዝር ውስጥ የለችም?

በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች ውስጥ ደሴ ነበረች። ድኻ ቤተሰቦች በአካባቢ ልማት እየሠሩ ይከፈላቸው ነበር። መሥራት የማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር። ለጎዳና ተዳዳሪዎችም የተለየ ክፍል ነበረው። ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ እኔም ሰፈሬ ውስጥ የተጠቀሙ እናቶችን አውቃለሁ።

እታለም ግን የትኛው ውስጥ ትግባ? ለቤተሰቦች ከወጡት መስፈርቶች አንዱ በቀበሌው ለተወሰነ ጊዜ መኖር ነበር። ምልመላውም ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት በሕዝብ ኮሚቴ ነበር። እሷ አንድ ቦታ ላይ ያን ያህል ብትቆይ እንኳ የሰው ቤት ቁጥር ውስጥ ናት። መታወቂያዋ የባሏ ቤት አድራሻ ያለበት ነበር፤ ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ አዲስ አድራሻ ያስፈልጋል። አድራሻ እንዲኖራት ደግሞ ቤት ያስፈልጋል። በጎዳናው በኩል እንዳትገባ ጎዳና ላይ አትተኛም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የወደቀችው። እሷን የመሰሉ ሴቶች እዚያው መካከል እንዳሉ አምናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየለቅሶ ቤቱ ዓይኔ እየፈለገ ያገኛቸዋል።

የተሳሳትኩትና የተማርኩት

ላግዛት ብዬ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለት ነገር ሁለቱም ስህተት ነበር።

የመጀመሪያው፣ ከወንድሟ ጋር ላስታርቃት ሞከርኩ። ሐይቅ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ወንድሟ አለቀሰ፣ በግ አርዶ ጋበዘን። ማታ ላይ ለሚስቱ «እስከ መቼ ነው?» ሲላት ሰማሁ። እሱም ሦስት ልጅ አለው፣ መሬቱም ጠባብ ነው። አልፈረድኩበትም።

ሁለተኛው፣ የማውቃት አንዲት ሴት ጋ አዳሪ ሠራተኛ እንድትሆን ሥራ አገኘሁላት። ደመወዙ ደህና ነው፣ ማደሪያ አለው። ልጆቹስ? ትንሹ ሐይቅ፣ ትልቋ ሌላ ሰው ቤት። እታለም እምቢ አለች። እኔ ተቀየምኩ። እንዲህ ለፍቼ! አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። በኋላ ቡና ቤቱ ሄጄ «ምንድን ነው የምትፈልጊው ታዲያ?» አልኳት፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። «ከልጆቼ ጋር የምቆልፈው በር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። እኔንም ጨምሮ።

እኛ ጋ የተለመደው መጀመሪያ ሥራ ትያዝ፣ ከዚያ ቤት ትከራይ ነው። በፈረንጆቹ 1992 ኒውዮርክ ውስጥ ሳም ሴምቤሪስ የተባለ ባለሙያ ይሄንን ገልብጦታል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የጎዳና ሰዎች መጀመሪያ ቤት ሰጥቶ፣ ሌላውን ድጋፍ በኋላ አስከተለ። አብዛኞቹ ቤታቸውን ይዘው ቆዩ። ፊንላንድ በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ይሄንን መንገድ የአገር ፖሊሲ አድርጋዋለች። እኛ የፊንላንድ ገንዘብ የለንም። ግን ቅደም ተከተሉን ለመቀየር የፊንላንድ ገንዘብ አያስፈልግም።

ነሐሴ ላይ ጉዳዩን ወደ ቅሬው አመጣሁት። ከሣጥኑ የስድስት ወር ኪራይ እናውጣላት አልኩ። ክርክሩ ሞቀ። ሊቀመንበራችን ቀና ሰው ናቸው፤ ሣጥኑንም እንደ ልጃቸው ይጠብቃሉ። «ቅሬ የቆመው ለሞተ ሰው ነው። በጦርነቱ የቀበርነውን ታውቃላችሁ፣ ሣጥኑ ባዶ ሊሆን ነው። ለቋሚ መስጠት ከጀመርን መቼ እናቆማለን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከጥግ ተነሡ። «ይቺ ልጅ ነገ ብትሞት ማን ይቀብራታል? ቅሬ የላት። ሬሳዋ በረንዳ ላይ ሲገኝ እንግዲህ እኛው ነን የምናዋጣው። ለመቅበሪያ የምናዋጣውን በቁሟ እናዋጣላት እንጂ!»

ሣጥኑ አልተነካም። ሴቶቹ ግን እዚያው ወሰኑ። 32 ሴቶች በወር 50 ብር፣ ለስድስት ወር። በወር 1,600 ብር ማለት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት፤ አንዳንዷ ሰደቃዬ ነው አለች፣ አንዳንዷ የማርያም ነው አለች።

ክፍል ፍለጋው ከባድ ነበር። ባል የሌላት፣ ልጅ ያላት ሴት አናከራይም ያሉን አራት አከራዮች ናቸው። «ልጅ ውሃ ይጨርሳል» አንዱ ምክንያት ነበር። አምስተኛዋ፣ ራሷ ባሏ የሞተባት ሴት፣ እኔ ዋስ እስከሆንኩ ድረስ እሺ አለች። አንድ ክፍል፣ ሽንት ቤት በጋራ፣ በወር 1,500 ብር። የተረፈችው 100 ብር ለመብራት ሆነች። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በእታለም ስም ይሁን አልን። አከራይዋ «ምን ያስፈልጋል፣ እንተማመናለን» አለች። አጥብቀን ለመንን፤ ጻፈች።

መስከረም 2015 ገባች። የሰጠኋት ፍራሽ፣ ምንጣፍና ድስት ነበር። እሷ መጀመሪያ የገዛችው ግን ጓጉንቸር ነው። አሮጌውን ቁልፍ ሌላ ሰው ሊኖረው ይችላል ብላ።

ወረቀቷ ያመጣችው ነገር

ያ የኪራይ ውል ከጣሪያው እኩል ጠቅሟታል ብል ማጋነን አይሆንም። በውሉ መነሻ አድራሻ ኖራት። መሸኛ ለማውጣት ወደ ቀድሞ ቀበሌዋ አራት ጊዜ ተመላለሰች። ሁለቱን ጊዜ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ኅዳር ላይ የነዋሪነት መታወቂያ አወጣች። በመታወቂያው ሴት ልጇን ትምህርት ቤት መለሰቻት። የ15 ዓመት ልጅ ከ12 ዓመት ልጆች ጋር ሰባተኛ ክፍል ተቀመጠች። አፈረች። ግን አልቀረችም።

ሥራውም ከቤቱ በኋላ መጣ። የአከራይዋን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌሊት ላይ በኪራይ እየተጠቀመች እንጀራ መጋገር ጀመረች። በስድስተኛው ወር የራሷን ኪራይ ከፈለች። አንዳንድ ወር ይጎድልባታል። ያኔ አንዷ ትሞላላታለች፣ ስትችል ትመልሳለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ኪራዩ 2,000 ገባ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ እኛ ሰፈር ግን አሁንም የሚሠራው አከራይና ተከራይ የተስማሙበት ነው። እሷም ተደራድራ ከ2,300 ያወረደችው ራሷ ናት።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ፤ በሪያድ ብር ወደተሠራው ቤት።

ሽማግሌዎቹ «ካርታው በማን ስም ነው?» ማለታቸውን ነግሬያችኋለሁ። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ባልና ሚስት በጋብቻው ዘመንም ሲፋቱም እኩል መብት አላቸው ይላል። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጥቷል፤ አማራ ክልል ደግሞ የራሱን በ1995 አውጥቷል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያስረዳ የሚባለው «የኔ ብቻ ነው» ያለው ወገን ነው። ይሄንን እታለም በ2011 ብታውቅ ኖሮ፣ እኛም ብናውቅ ኖሮ፣ እነዚያ ዘጠኝ ቦታዎች ባልኖሩ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለድኾች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ ሄድን። አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ ታሪኳን ከሰማ በኋላ የጠየቃት የሐዋላ ደረሰኝ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ከሳውዲ ይዛት በወረደችው ፌስታል ውስጥ 14 ደረሰኝ ነበራት። በዘጠኙም ቦታ ይዛቸው ዞራለች። ለምን እንዳስቀመጠቻቸው ስጠይቃት «የለፋሁበት ነዋ» አለችኝ።

ክሱ ጥር 2015 ተከፈተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ መንገድ ሲዘጋ ምስክር መቅረብ አልቻለም፣ ቀጠሮ እየተራዘመ ሄደ። መጋቢት 2016 ቤቱ የጋራ ነው፣ ግማሹ የእሷ ነው ተብሎ ተወሰነ። ባልየው ይግባኝ አለ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ፊት ላይ የፍርዱ ወረቀት ነበር። ድርሻዋን በሦስት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ። ሁለቱን ከፍሏል። ሦስተኛው እስካሁን አልመጣም። በተከፈላት ብር የራሷን ምጣድ ገዛች፣ የቀረውን ባንክ አስገባች። ቤት የሚገዛ ብር አይደለም። አሁንም ተከራይ ናት። አከራይዋ ነገ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» ብትል ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። ይሄ ያስፈራታል፣ እኔንም ያስፈራኛል።

ትልቋ ልጅ ዛሬም ቀን ቀን እንኳ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነው የምታጠናው። እናቷ አትከለክላትም።

ባለፈው ዓመት እታለም የቅሬያችን አባል ሆነች። መዝገቡ ላይ ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ቁጥሩን ራሷ ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት። በወሩ ጎረቤት ለቅሶ ሆነ። መጣች። እንደ ድሮው ሽንኩርት ከተፈች፣ ወጥ ሠራች፣ ዕቃ አጠበች። ሲመሽ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ እኔ ልሂድ። ልጆቼ ቤት እየጠበቁኝ ነው።»